የልጅ ጉንፋን ወደ ሳንባ ምች እንዳይዞር፦ ምን እንስጥ፣ ምን እንቁጠር፣ መቼ እንሩጥ

ወላጅ እዚህ ላይ የሚሳሳተው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ንፍጥ ባየበት ቀን ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን ይገዛል። ሌላው «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» እያለ ይቆይና ልጁ በስድስተኛው ቀን ማቃሰት ሲጀምር ይደነግጣል። የመጀመሪያው የሚጣደፈው ቫይረሱ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። ሁለተኛው ባክቴሪያው ሲገባ አላየውም።

ይህ መመሪያ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነው። ልጃችሁ ገና 2 ወር ያልሞላው ከሆነ ደረጃዎቹን ዝለሉ። ትኩሳት ካለው (በብብት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ)፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም በፍጥነት ከተነፈሰ ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን እወቁ

ብዙ ጤነኛ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሯቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተሸክመው ይኖራሉ። ከባድ የሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋነኛው፣ ኒሞኮከስ የሚባለው፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ልጁን ምንም ሳያደርገው ለሳምንታት ሊቀመጥ ይችላል።

ከዚያ ቫይረስ ይመጣል፤ አርኤስቪ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ራይኖቫይረስ ወይም ሌላ። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ያቆስላል። አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ሥራቸውን ያቆማሉ። ንፍጡ ይበዛል፣ መውጫ ያጣል። ባክቴሪያው በቆሰለው ቦታ ላይ በቀላሉ ይጣበቃል፣ ይራባል፣ ወደ ጆሮ ወይም ወደ ሳንባ ይወርዳል። ቫይረሱ በር ከፋች ነው፤ ገብቶ የሚዘርፈው ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ከሶዌቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ የኒሞኮከስ ክትባት በወሰዱ ልጆች ላይ ቫይረስ የተገኘበትና ሆስፒታል የሚያስተኛ የሳንባ ምች በ31 በመቶ ቀንሶ ታየ። ክትባቱ ግን ቫይረስን አይከላከልም። «የቫይረስ ነው» ከተባለው ሕመም ውስጥ የባክቴሪያው እጅ ቀላል እንዳልነበር ያሳያል።

ሁሉም የሳንባ ምች ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይመጣም። ቫይረስ ብቻውን ሳንባን ክፉኛ ሊያሳምም ይችላል። ባክቴሪያም ገና በመጀመሪያው ቀን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የቀን ቆጠራው ይረዳችኋል እንጂ የልጁን ሁኔታ አይተካም።

ደረጃ 1፦ ልጁ ጤነኛ እያለ እነዚህን አዘጋጁ

1. ሴኮንድ የሚቆጥር ስልክ ወይም ሰዓት።
2. ዲጂታል ቴርሞሜትር። በእጅ መዳፍ ግንባር ነክቶ መገመት ያሳስታል፤ የእናንተ እጅ ከቀዘቀዘ ልጁ ሁሌም ትኩስ ነው።
3. ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ። የወጥ ቤት ማንኪያ አይሆንም፤ የአንዱ ቤት ማንኪያ ከሌላው ቤት አይገጥምም።
4. የልጁ የቅርብ ጊዜ ክብደት። የመድኃኒት ልክ የሚወጣው ከዕድሜው ይልቅ ከክብደቱ ነው።
5. የክትባት ካርዱ የት እንዳለ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው።
6. ፋርማሲ የሚሸጠው የጨው ውሃ የአፍንጫ ጠብታ። ካጣችሁ፣ አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት አንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው አሟሙ። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ፤ ያደረውን ድፉት።

አሁን ደግሞ ልጁ ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ እያለ ትንፋሹን አንዴ ቁጠሩለት። ጻፉት። ሲታመም የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው። ይህን የሚያደርግ ወላጅ ጥቂት ነው፤ በጭንቅ ሌሊት ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ይኼ ነው።

ደረጃ 2፦ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ቀን፣ የቫይረሱ ተራ

ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ ትኩሳት፣ ቀላል ሳል፣ መነጫነጭ። እዚህ ሥራችሁ ልጁን ማገዝና መመዝገብ ነው።

አፍንጫውን ክፈቱ። ከማጥባታችሁ ወይም ከማብላታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሁለት ጠብታ የጨው ውሃ አድርጉ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ ወይም በመምጠጫ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ትንሽ ሕፃን በዋነኝነት የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው፤ ሲታፈን ጡቱን ይዞ ይለቃል፣ ያለቅሳል። ብዙ እናቶች «ጡት ጠላ» የሚሉት ይህንን ነው።

ደጋግማችሁ አጥቡ። ከ6 ወር በላይ ለሆነው አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡ። ምግብ ቢቀንስ ለጥቂት ቀን አያስጨንቅም። ፈሳሽ ሲቀንስ ግን ንቁ። ሽንት ለስድስት ሰዓት ካልሸና ቸል አትበሉ።

ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰ ወይም ልጁን ካስጨነቀው ፓራሲታሞል ስጡ። ልኩ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ጠርሙሱን አንብቡ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ፣ አንዴ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። 250 የሚል ጠርሙስ ይዛችሁ ያንኑ 5 ሚሊ ሊትር ከሰጣችሁት ግን ከልክ በላይ ሰጣችሁት። ከ3 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ያለ ባለሙያ አትስጡ። አስፕሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም።

*እነዚህን አታድርጉ*

- አፍንጫው ውስጥ ቅቤ፣ ዘይት ወይም ቅባት አትጨምሩ። ቅቤም በግድ አታስውጡት። ቅባት ወደ ሳንባ ከገባ ራሱን የቻለ የሳንባ ሕመም ያመጣል።
- እንጥል አታስቆርጡ። ሳል የሚመጣው ከእንጥል አይደለም። መዘዙ ደም መፍሰስ፣ ቁስለትና ቲታነስ ነው።
- ዳማከሴም ሆነ ሌላ ቅጠል ጨምቃችሁ በሕፃን አፍንጫ አትጨምሩ።
- ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቀምስም። ከዓመት በላይ ለሆነው ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ማታ ማታ ሳሉን ያስታግሳል።
- በፈላ ውሃ እንፋሎት አታጥኑ። የሚጠቅመው ትንሽ፣ ልጅ የሚያቃጥለው ብዙ ነው።
- «ብርድ ይመታዋል» ብላችሁ መስኮት ዘግታችሁ በጋቢ አትጠቅልሉት።

አንቲባዮቲክስ? በነዚህ ቀናት፣ አደጋ ምልክት ከሌለና ባለሙያ ካላዘዘ፣ አይሰጥም። ቫይረሱን አይገድልም። «ባክቴሪያው እንዳይገባ ቀድሜ ልስጠው» የሚለው ሐሳብም አያዋጣም፤ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ለመድኃኒት የማይበገሩትን ይተዋል፣ ተቅማጥም ይጨምራል። ባለፈው ዓመት የተረፈች ግማሽ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ካለች ዛሬ ድፏት።

የንፍጥ ቀለምም አያታልላችሁ። ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሆነው የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ስለበዙበት ነው። በተራ ጉንፋንም ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ትንፋሽ መቁጠር

ስቴቶስኮፕ የላችሁም፣ ራጅ የላችሁም። ይህ ግን አላችሁ። በየጤና ኬላው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሳንባ ምችን የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። በቀን ቢያንስ ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ አድርጉት።

1. ልጁ ጸጥ እስኪል ጠብቁ። ተኝቶ ቢሆን ይመረጣል። ሲያለቅስ፣ ሲጠባ ወይም አሁን ሮጦ ሲመጣ አትቁጠሩ።
2. ልብሱን ከደረቱና ከሆዱ ላይ ግለጡ። በሹራብ ላይ መቁጠር ግምት ነው። መብራት አብሩ።
3. ከደረቱና ከሆዱ አንዱን ምረጡ፣ በደንብ የሚንቀሳቀሰውን። ዓይናችሁን ከዚያ አታንሱ።
4. ስልኩን 60 ሴኮንድ ላይ ሙሉና አስጀምሩ።
5. ከፍ ሲል «አንድ»። ዝቅ ሲል ዝም። እንደገና ከፍ ሲል «ሁለት»። መግባትና መውጣቱ አንድ ላይ አንድ ትንፋሽ ነው።
6. አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ አይሠራም። ሕፃን አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያዘገያል፣ አንዳንዴም ለጥቂት ሴኮንድ ቀጥ ይላል።
7. ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ትኩሳቱን ጻፉ።

ከዚህ ጋር አስተያዩት፦

- ከ2 ወር በታች፦ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።
- ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያልሞላው፦ 50 ወይም ከዚያ በላይ።
- ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ያልሞላው፦ 40 ወይም ከዚያ በላይ።

*ቆጠራው ሲበላሽ*

መሐል ላይ ከጠፋባችሁ ከዜሮ ጀምሩ፤ «ሠላሳ ምናምን ነበር» ብላችሁ አትቀጥሉ። ቁጥሩ ድንበሩ ላይ ከወደቀ፣ ለምሳሌ የ8 ወር ልጅ 49 ወይም 51 ከወጣለት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት። ልጁ እያለቀሰ አልመች ካለ አጥቡት፣ ሲያሸልብ ቁጠሩ። ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ማስተያየትም ጥሩ ነው፤ ባልና ሚስት በዚህ ሲከራከሩ ማየት የተለመደ ነው።

ትኩሳት ራሱ ትንፋሽን ያፈጥናል። ልጁ ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለውና ንቁ ከሆነ ፓራሲታሞሉ ሲሠራ እንደገና ቁጠሩ። ትኩሳቱ ወርዶም ትንፋሹ ፈጣን ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ደረጃ 4፦ ደረቱን እዩ

ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ልብሱን ሳትመልሱ የታችኛውን የጎድን አጥንት እዩ። ጤነኛ ልጅ አየር ሲያስገባ ደረቱም ሆዱም አብረው ይነሳሉ። ሳንባው የታመመ ልጅ አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚታይ ከሆነ ከባድ ምልክት ነው። የአፍንጫው ጎንና ጎን ሲከፈት፣ ጭንቅላቱ ከትንፋሹ ጋር ሲነቀነቅ ብታዩም እንዲሁ።

አንድ ልጅ ትንፋሹ ዘገየ ተብሎ ብቻ ተሻለው አይባልም። ደረቱ እየተሰረጎደ፣ ልጁ እየዛለ ቁጥሩ ከወረደ እየደከመ ነው ማለት ነው።

ወዲያው የሚያስሮጡ ምልክቶች

ቀን አትቁጠሩ፣ ነገን አትጠብቁ፦

- መጥባት ወይም መጠጣት አልቻለም
- የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል
- አንዘፈዘፈው
- ዝሏል፣ ሲቀሰቅሱት በደንብ አይነቃም
- ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ ወይም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያቃስታል
- ጸጥ ብሎ እያለ አየር ሲያስገባ ሻካራ ድምፅ ያሰማል
- ከንፈሩ ወይም ምላሱ ጠቆረ፣ ሰማያዊ መሰለ

በመንገድ ላይ ቀና አድርጋችሁ ያዙት። መጥባት ከቻለ አጥቡት። ፊቱን አትሸፍኑ። የሚቻል ከሆነ ኦክስጅን ያለበት ቦታ ምረጡ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ቀን፣ ሁሉም የሚዘናጋበት

ተራ ጉንፋን በዚህ ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ልጁ መጫወት ይጀምራል። ሳሉ ግን ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ሳል ብቻውን አያስፈራ።

የምትፈልጉት ሌላ ነገር ነው። ልጁ ተሽሎት ነበር። ትኩሳቱ አንድ ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። እንደገና መጣ፣ ከፊተኛውም ብሶ። ሳሉ ጠነከረ፣ ምግብ ተወ፣ ትንፋሹ ፈጠነ። ቫይረሱ በከፈተው ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቁጠሩ፣ ደረቱን እዩ፣ ውሰዱት። «ትላንት እኮ ደህና ነበር» የሚለው እዚህ ማጽናኛ መሆኑ ቀርቶ ለሐኪሙ የምትናገሩት ዋና መረጃ ይሆናል።

ሌሎች ሁለት መንገዶችም አሉ።

*ጆሮ።* ጉንፋን ከያዘው ጥቂት ቀን በኋላ ሌሊት እያለቀሰ ከተነሳ፣ ጆሮውን ከነካካ፣ ትኩሳቱ ከተመለሰ የመሐል ጆሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። ያስመርምሩት። መግል ከወጣ በንጹሕ፣ በሚመጥ ጨርቅ ጫፍ አድርቁ፤ በቀን ሦስቴ። ዘይት፣ የጡት ወተት፣ ምንም ነገር አትጨምሩበት።

*ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ።* ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ አየር ሲያስወጣ ሲር ሲር ካለ ብሮንኪዮላይትስ (በሳንባ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ማበጥ) ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የአርኤስቪ ሥራ ነው። ይህ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ቀን ድረስ እየባሰ ሄዶ ከዚያ ይቀላል። አንቲባዮቲክስ አይረዳውም። ሐኪሙ መርምሮ «መድኃኒት አያስፈልገውም፣ ፈሳሽ ስጡትና ተከታተሉ» ቢላችሁ ንቆ የመለሳችሁ እንዳይመስላችሁ።

ይህ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ይሠራል። «ቫይረስ ነው ብለው መለሱን» ብላችሁ ተናዳችሁ ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ አሞክሳሲሊን አታስመጡ። ይልቅ ሐኪሙን ይህን ጠይቁ፦ «ምን ሳይ ነው የምመለሰው? በስንተኛው ቀን?» ጥርት ያለ መልስ ይሰጣችኋል።

ደረጃ 6፦ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ

ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያው ጋ የምታገኙት ጊዜ አጭር። በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ፦

1. ዕድሜና ክብደት።
2. ሕመሙ የጀመረበት ቀን፤ ተሽሎት ተመልሶ እንደሆነ።
3. የጻፋችሁት የትንፋሽ ቁጥር፣ ከነሰዓቱ።
4. ጡት፣ መጠጥ፣ ሽንት።
5. እስካሁን የሰጣችሁት ሁሉ። የቤት ቅጠሉም፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁት ሽሮፕም። አትፈሩ፤ የሚደበቅ መድኃኒት ነው ሐኪሙን የሚያሳስተው።
6. የክትባት ካርድ።

በጣት ላይ የሚደረገው ኦክስጅን መለኪያ ካለ እንዲለኩለት ጠይቁ። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ልጁ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ወደ ቤት አይመለስም።

ደረጃ 7፦ አንቲባዮቲክስ ከታዘዘ

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሽ ስህተት ይመጣል፦ አሳንሶ መስጠትና ቶሎ ማቋረጥ።

*ዱቄቱን ስታሟሙ።* ጠርሙሱን መታ መታ አድርጋችሁ የተጋገረውን ዱቄት አላሉት። አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ውሃ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ጨምሩ። ክዳኑን ገጥማችሁ በደንብ ነቅንቁ። አረፋው እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ እስከ ምልክቱ ሙሉና እንደገና ነቅንቁ። ውሃውን በአንዴ ብትደፉት ታች ጓል ይሠራል፤ የላዩ ቀጭን፣ የታቹ ከባድ ይሆናል። ሙቅ ውሃ መድኃኒቱን ያበላሻል። የከፈታችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ብዙዎቹ ከተሟሙ ከ7 ቀን በላይ አይቆዩም፤ ጽሑፉን አንብቡ። ከመስጠታችሁ በፊት ሁሌም ነቅንቁ።

*የሚሟሟ ኪኒን ከሆነ* በማንኪያ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ወይም የታለበ የጡት ወተት አድርጋችሁ አሟሙት። ሙሉ ብርጭቆ ውስጥ አትጨምሩት፤ ልጁ አይጨርሰውም።

*ስትሰጡ* ልጁን ቀና አድርጉት፣ ሲሪንጁን በጉንጩ ጎን አስገቡ፣ በትንሽ በትንሹ ግፉ። አፍንጫ ይዞ መጋት ወደ ሳንባ ያስገባል።

*ካስመለሰው፦* ከወሰደ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ያንኑ ልክ ድገሙ። ሁሌ ካስመለሰ መልሳችሁ ውሰዱት።

*ሰዓት ካለፋችሁ፦* እንዳስታወሳችሁ ስጡ። ቀጣዩ ሊደርስ ከሆነ ያለፈውን ተዉት። ሁለቱን ልክ አንድ ላይ አትስጡ።

*ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከመጣ፦* አቁሙና ወዲያው ውሰዱት።

*ከ2 ቀን በኋላ ካልተሻለው፦* ተመለሱ። ከባሰበት 2 ቀን አትጠብቁ። መድኃኒቱ የማይበግረው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሕመም ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ሌላ መድኃኒት አትግዙ።

*ከተሻለው፦* የታዘዘውን ቀን ጨርሱ።

ደረጃ 8፦ በሩን ቀድሞ መዝጋት

በኢትዮጵያ የኒሞኮከስ ክትባት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ይሰጣል። በዚያው ቀን የሚሰጠው አምስት ሕመም የሚከላከለው ክትባት ሂብ የተባለውን ሌላውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ ያካትታል። ኩፍኝ በ9ኛና በ15ኛ ወር ነው፤ ኩፍኝ የልጁን የመከላከል ኃይል ለረጅም ጊዜ ስለሚያዳክም ከኋላው ባክቴሪያ ይከተላል። ሦስቱም ነፃ ናቸው።

እዚህ የሚደጋገም አንድ ስህተት አለ። «ጉንፋን ስለያዘው አላስከተብነውም።» ቀላል ጉንፋን ክትባት አያስቀርም። ይዛችሁት ሂዱ፤ ባለሙያዋ ትወስን። አንዱ ካመለጣችሁም እንደ አዲስ አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

በውጭ ያላችሁ ከ6 ወር ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጠውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጠይቁ። በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሕፃናት በአርኤስቪ ላይ የሚሰጥ የፀረ እንግዳ አካል መርፌም አለ።

ከዚያ ጭስ። የማገዶ፣ የከሰል፣ የሲጋራ፣ የዕጣንም ጭስ እነዚያን ጠራጊ ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል። ልጁ ሳል ላይ እያለ ቡናው ቢፈላም በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ዕጣኑም ይቅር። አማች ብትቆጣም ትቆጣ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ማንደድማ ለአዋቂም ሞት ነው።

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። እጅ በሳሙና። ጉንፋን የያዘው ዘመድ ሕፃኑን አይሳም።

ልጁ ከዳነ በኋላም ሳሉን ተከታተሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ቤት ውስጥ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ካለ ለዚያ እንዲመረመር ጠይቁ።